የጨሌና የሽቦ ሒሳብ

ጨሌ ትንሽ ነገር ናት። አንዷ ከእጅ ብትወድቅ አሸዋ ውስጥ ትጠፋለች። ብዙ ሆና በክር ስትሰካ ግን የሙሽራ አንገት ታስጌጣለች። በአማርኛ ጨሌ እንላታለን። ቦረናዎችም ጨሌ ይሏታል። ሶማሌዎች ኩል ይሏታል። ሽቦን ደግሞ ስሊግ ይሉታል። ስሙ ቢለያይም ነገሩ አንድ ነው።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ከሽቦና ከጨሌ በትንሽ ገንዘብ ጌጥ ስለ መሥራት ነው። ይህን ሥራ ያስተማሩኝ የፊልቱ ሴቶች ናቸው። እኔ ፊደልና ቁጥር አስተማርኳቸው። እነሱ ሽቦ ማጠፍ አስተማሩኝ። ማን የበለጠ እንደ ተማረ እናንተ ፍረዱ።

ፊልቱ ከነገሌ ቦረና ወደ ዶሎ አዶ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። በሶማሌ ክልል የሊበን ዞን ከተማ ናት። አገሩ በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል ያለ ቆላ ነው። ሕዝቡ በአብዛኛው አርብቶ አደር ነው። ግመል፣ ፍየል፣ በግና ከብት ያረባል። በደጋው አገር ሐምሌና ነሐሴ ክረምት ነው። እዚህ ግን ሐምሌ ደረቅ ነው። ነፋስና አቧራ ነው። ዝናብ የሚጠበቀው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። አንዱ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይዘንባል። ሶማሌዎች ጉ ይሉታል። ሌላው በጥቅምትና በኅዳር ይዘንባል። እሱን ደይር ይሉታል።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሳኩ ቀሩ። ሳር ጠፋ። ኩሬ ደረቀ። በቦረናም በሊበንም እንስሳት አለቁ። ብዙ ቤተሰብ ወተቱን አጣ፤ ሀብቱንም አጣ። እንስሳ ያለቀበት ሰው ወደ ከተማና ወደ መንገድ ዳር ተጠጋ። ከዚያ ወዲህ ዱቄትም፣ ስኳርም፣ ደብተርም በገንዘብ ይገዛል። ገንዘቡስ ከየት ይምጣ? አንዳንዷ ሴት ሻይ ታፈላለች። አንዳንዷ እንጨት ትሸጣለች። አንዳንዷ ሽቦ አጥፋ ጨሌ ሰክታ አምባርና ጉትቻ ትሠራለች። እንግዲህ የኔ ጽሑፍ የሚመለከተው እነዚህን የመጨረሻዎቹን ነው።

ጌጥ የቆየ ነገር ነው

ጌጥ የቅንጦት ነገር ብቻ ይመስለን ይሆናል። እንደዚያ አይደለም። የሰው ልጅ ገና ሳያርስ ያጌጥ ነበር። በምሥራቅ አፍሪካ የጥንት ሰዎች የሰጎን እንቁላል ቅርፊት እየሰበሩ፣ እየበሱና እየሞረዱ ጨሌ ይሠሩ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ከ31 ቦታዎች የተገኙ ከ1,500 በላይ የዚህ ዓይነት ጨሌዎችን አወዳድሯል። ጥናቱ እንዳሳየው ከ50,000 ዓመት በፊት የሁለቱ አካባቢ ሰዎች አንድ ዓይነት ጨሌ ይሠሩ ነበር። በዚያ ዘመን መኪና የለም። ስልክ የለም። ጨሌው ግን ሰውን ከሰው ያገናኝ ነበር።

የብርጭቆ ጨሌ የመጣው ቆይቶ ነው። በባሕር ንግድ መጣ። ከታወቁት የብርጭቆ አገሮች አንዷ ቬኒስ ናት። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1291 ቬኒስ ብርጭቆ ሠሪዎቿ እሳታቸውን ይዘው ሙራኖ ወደምትባል ደሴት እንዲዛወሩ አዘዘች። ከተማይቱ እንዳትቃጠል ፈርታ ነው። ቆይቶም ዛሬ ቼክ ከምትባለው አገር የተሠራ ጨሌ ወደ አፍሪካ በብዛት ገባ። ቦረናዋ እናት ከአያቷ የወረሰችው ቀይ ጨሌ ብዙ ባሕር አቋርጦ የመጣ ሊሆን ይችላል።

የተጣለ ነገር ጌጥ ማድረግም በኛ አልተጀመረም። በኦሞ አካባቢ የዳሰነች ሴቶች ከጠርሙስ ክዳን የራስ ጌጥ ይሠራሉ። በደቡብ አፍሪካ ዙሉዎች ከስልክ ሽቦ የሚያምር ቅርጫት ይሠራሉ። በአዲስ አበባ እንጦጦ አካባቢም ሴቶች የተተኮሰ ጥይት ቀልህ እየቀለጠ በሚሠራ ጨሌ የአንገት ጌጥ ሠርተው ሲሸጡ ኖረዋል። እናንተ ግን ይህን የመጨረሻውን አትሞክሩ። መሬት ላይ የተገኘ ጥይት ያልተተኮሰ ሊሆን ይችላል። እሳት ሲያገኝ ይፈነዳል። ልጆቻችሁም እንዳይነኩት ንገሯቸው።

ሽቦው ከየት ይገኛል?

የፊልቱ ሴቶች ሁለት ዓይነት ሽቦ ይጠቀማሉ። ወፍራሙ ሽቦ ለአምባሩ አጥንት ይሆናል። ቀጭኑ ሽቦ ጨሌውን ይሸከማል።

ወፍራሙ ሽቦ ቤት ውስጥ መብራት ከሚዘረጋበት ገመድ የሚወጣ መዳብ ነው። ቤት ሲሠራ ቁርጥራጭ ይተርፋል። የመብራት ሠራተኛው ይጥለዋል ወይም በርካሽ ይሸጠዋል። ገመዱ ላይ 1.5 የሚል ቁጥር ከተጻፈበት ለአምባር ይስማማል። 2.5 የሚለው ይወፍራል። እጅ ያደክማል። አያችሁ? እዚህም ቁጥር ማንበብ ጠቀመ።

ቀጭኑ ሽቦ ከተቃጠለ ሞተር ይወጣል። የውኃ ፓምፕ ሞተር ሲቃጠል ጠጋኙ አሮጌውን ሽቦ ፈትቶ አዲስ ይጠመጥማል። አሮጌው ቀጭን መዳብ ነው። የተቃጠለው ክፍል ይሰባበራል፤ ደህናው ግን በጨሌ ቀዳዳ በደንብ ያልፋል።

ሦስት ነገር ተጠንቀቁ።

አንደኛ፣ የገመዱን ፕላስቲክ አታቃጥሉ። ጭሱ መርዝ ነው። በቢላዋ ላጡት።

ሁለተኛ፣ ከምሰሶ ላይ ሽቦ አትቁረጡ፤ ከተቆረጠም አትግዙ። ኤሌክትሪክ ይገድላል። የሕዝብ ንብረት መስረቅም ወንጀል ነው።

ሦስተኛ፣ የአሮጌ ባትሪ እርሳስ አቅልጣችሁ ጨሌ አትሥሩ። እርሳስ ሰውነትን በተለይም የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል።

አሠራሩ

ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ፒንሳ ይበቃል። በጣውላ ላይ ሁለት ትልልቅ ሚስማር ምቱ። የሚስማሩን ራስ ቁረጡት። ሽቦ ክብ አድርጎ ለማጠፍ ሚስማሩ ይረዳችኋል። ጫፉን ለማለስለሻ ሞረድ ወይም የብርጭቆ ወረቀት ያዙ። እሱም ከሌለ ሻካራ ድንጋይ ይሆናል።

በመጀመሪያ የእጅ አንጓ በክር ለኩ። ክሩን በማስመሪያ ላይ ዘርጉት። 18 ሳንቲ ሜትር ሆነ እንበል። ለሁለቱ ጫፍ መቆለፊያ 6 ጨምሩ። 24 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ። ከአንድ ሜትር ሽቦ አራት አምባር ይወጣል። 4 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል። አትጣሉት። ለጉትቻ ማንጠልጠያ ይሆናል።

ቀጥሎ አንዱን ጫፍ በሚስማሩ ላይ ጠምዝዛችሁ ቀለበት አድርጉ። ሌላውን ጫፍ እንደ መንጠቆ እጠፉ። መንጠቆው ቀለበቱ ውስጥ ሲገባ አምባሩ ይቆለፋል። ከዚያ ቀጭኑን ሽቦ በወፍራሙ ላይ አምስት ጊዜ ጠምጥሙ። አንድ ጨሌ ስኩ። እንደገና አምስት ጊዜ ጠምጥሙ። ሌላ ጨሌ ስኩ። እስከ መጨረሻው እንዲህ ሂዱ። የቀጭኑን ሽቦ ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፋችሁ በፒንሳ ጨፍልቁት። አለበለዚያ ቆዳ ይቧጭራል፤ ልብስም ይይዛል።

መዳብ አንድ ጠባይ አለው። ሲታጠፍ፣ ሲታጠፍ ይደድራል። በመጨረሻም ይሰበራል። ከደደረ ከሰል ላይ አድርጉት። ፍም ሲመስል አውጥታችሁ ውኃ ውስጥ ጨምሩት። ተመልሶ ይለሰልሳል። የባሌስትራ ብረት ግን እንዲህ ቢደረግ ይጠነክራል እንጂ አይለሰልስም። ቀጥቃጮች ይህን ያውቃሉ። ከእሳት የሚገባው ጨሌ ያልተሰካበት ባዶ ወፍራም ሽቦ ብቻ ነው። የሞተሩ ሽቦ ሽፋን ስላለው ይጨሳል፤ እሳት አታስነኩት። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ መንጠቆውን በመዶሻ ቀስ አድርጋችሁ ምቱት። ያን ጊዜ ደድሮ ቅርጹን ይይዛል።

መዳብ በላብ ምክንያት ቆዳን አረንጓዴ ያደርጋል። ሰው እንዳይደናገጥ ስትሸጡ ንገሩት። በሎሚና በጨው ሲታሽ ይጠራል። ጨሌ ደግሞ ሕፃናት አፋቸው ውስጥ ይጨምሩታልና በክዳን ዕቃ አስቀምጡት።

የእናት ጨሌ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ከተማሪዎቼ መካከል አንዲት እናት አሉ። ስማቸውን አልጽፍም። እኔ ኢዶ እላቸዋለሁ። አክስት ማለት ነው። እሳቸውም መልሰው ኢዶ ይሉኛል። በሶማሌ ወግ ትልቅ ሰው ታናሹን በገዛ መጠሪያው መልሶ ይጠራል። እናትም ልጇን ሆዮ ትላለች። ሆዮ እናት ማለት ነው። መጀመሪያ ግራ ገባኝ፤ ኋላ ግን ወደድኩት።

ኢዶ ከድርቁ በፊት ግመልና ፍየል ነበራቸው። ከድርቁ በኋላ የቀሩት ጥቂት ፍየሎች ናቸው። አምባር እየሠሩ መኪና በሚቆምበት ቦታ ለመንገደኛ ይሸጣሉ። የመጨረሻ ልጃቸው ትምህርት ቤት ትሄዳለች። የአምባሩ ገንዘብ ለእሷ ነው።

ኢዶ ፊደል አያውቁም ነበር እንጂ ሒሳብ ያውቃሉ። በቃል ሒሳብ ማንም አያታልላቸውም። እኔ በወረቀት ደምሬ ሳልጨርስ እሳቸው በጣታቸው ጨርሰው ይጠብቁኛል። ስለዚህ «ሒሳብ በደብተር እንጻፍ» ስላቸው ሳቁብኝ።

«ምን ይጻፋል? 10 አምባር በሳምንት እሠራለሁ። አንዱን በ60 ብር እሸጣለሁ። 600 ብር። ሽቦ 120፣ ትንንሹ ጨሌ 100። 380 ብር ቀረኝ። በቃ!»

ልክ ናቸው። ቁጥሩን ለማስተማሪያ እንዲመች አቅልዬዋለሁ እንጂ ነገሩ ይኸው ነው። ሆኖም መጻፍ መልመጃችን ነውና ጻፍን። ሰሌዳው ላይ አምባሩ ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ በተራ ጻፍን። ሽቦ። ትንሽ ጨሌ። ትልቅ ቀይ ጨሌ።

«ኢዶ፣ ይቺ ትልቋ ቀይስ በስንት ተገዛች?» አልኳቸው።

«እሷ አልተገዛችም። ከቤት ናት። የእናቴ ናት» አሉ።

ለካ የእናታቸውን የአንገት ጨሌ ፈትተው ነው የሚሰኩት። በአንድ አምባር አምስት ያደርጋሉ። መንገደኛው የሚወደውም እሷን ነው።

«ገበያ ብትወጣ ስንት ታወጣለች?»

«አንድ ነጋዴ ለአንዷ 8 ብር ልስጥሽ ብሎኝ ነበር። የእናቴን ጨሌ አልሸጥም ብዬ መለስኩት።»

ይህን ሲሉ ክፍሉ ዝም አለ። አንዲት ልጅ እግር ተማሪ ጠመኔውን አንሥታ ጻፈች። 5 ጨሌ በ10 አምባር፣ 50 ጨሌ። 50 ጨሌ በ8 ብር፣ 400 ብር። 120 እና 100 እና 400፣ 620 ብር። ሽያጩ 600 ብር።

ሃያ ብር ከሰሩ። የሳምንቱ ድካም አልተቆጠረም።

ኢዶ ሰሌዳውን ረጅም ጊዜ አዩት። ፊደሉን ሁሉ አላነበቡትም። ቁጥሩን ግን አነበቡት። «ታዲያ እኔ አምባር ስሸጥ አልነበረም። እናቴን ነው በጥቂት በጥቂቱ ስሸጥ የከረምኩት» አሉ።

ማንም አልመለሰላቸውም። ምን ይባላል?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኢዶ አልተሳሳቱም። በቃል ሒሳብ የሚታወሰው ከእጅ የወጣ ብር ነው። ከቤት የወጣ ነገር አይታወስም። ከቤት የወጣ ጨሌ፣ ከቤት የወጣ ቅቤ፣ ከቤት የወጣ ጉልበት ዋጋ የሌለው ይመስላል። ጽሑፍ ግን ሁሉንም በተራ ያስቀምጣል። ብር የሆነውንም ብር ያልሆነውንም እኩል ያሳያል። ማንበብና መጻፍ የሚያስፈልገው ሰው አላዋቂ ስለሆነ አይደለም። ዓይን የማያየውን ለማየት ነው።

ምን ተደረገ?

በማግስቱ ኢዶ ባዶ ሽቦ ይዘው መጡ። «ጨሌው ካነሰ ሽቦው ራሱ ይጊጥ» አሉ። ወፍራሙን ሽቦ በሚስማሮቹ መካከል ወዲያና ወዲህ እያጠፉ እንደ እባብ አስኬዱት። በየመታጠፊያው አንዲት ትንሽ ጨሌ ብቻ ሰኩ። ሽቦውን በሎሚ አሹት። አምባሩ ፀሐይ ላይ አብረቀረቀ። ሴቶቹ እየተቀባበሉ በእጃቸው ለኩት።

ከዚያ ተማክረው ለየብቻ መግዛት ተዉ። ቁርጥራጭ ሽቦ በአንድነት ከመብራት ሠራተኛ ገዙ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ! የኢዶ የሽቦ ወጪ ከ120 ወደ 40 ብር ወረደ። ጨሌ 100 ብር ነው። ቀዩ ጨሌ ስለሌለበት አምባሩ በ45 ብር ተሸጠ። 10 አምባር 450 ብር። ወጪው 140 ብር። የቀረው 310 ብር።

310 ብር ከ380 ያንሳል። ኢዶም ይህን አይተዋል። «ያንሳል፤ ግን የኔ ነው» አሉ።

የቀረውን ቀይ ጨሌ ከቤት አምጥተው በክፍል ውስጥ ቆጠርነው። አሥር አሥሩን በሽቦ እየሰካን ቆጠርን። ስድስት ሽቦ ሞላ፤ ሦስት ተረፈ። ኢዶ ደብተራቸውን ገልጠው በገዛ እጃቸው 63 ብለው ጻፉ። በአጠገቡ የልጃቸውን ስም ጻፉ። ከዚያ በኋላ ያን ገጽ ወጪ አይጻፍበትም፤ ገቢም አይጻፍበትም።

ጨሌ ለቁጥር መማሪያም ትሆናለች። ሙስሊሞች ከሶላት በኋላ 33 ወይም 99 ፍሬ ባለው መቁጠሪያ ይቆጥራሉ። ስለዚህ በክፍላችን አሥር ሽቦ በእንጨት ላይ ወጥረን በየሽቦው አሥር ጨሌ ሰካን። እስከ መቶ መደመርና መቀነስ በእሱ ተማርን። የሱቅ ዕቃ አልገዛንም።

በ1971 ዓ.ም. በአገራችን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ ቆይቶም በ15 የአገር ቋንቋዎች ትምህርት ሲሰጥ፣ ሶማልኛና ኦሮምኛም ነበሩበት። የዚያን ጊዜ ሁሉም የሚጻፉት በግዕዝ ፊደል ነበር። ዛሬ ሶማልኛና ኦሮምኛ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው። የኢዶ ልጅ በትምህርት ቤት በሶማልኛ ትጽፋለች። እናትዮዋ ከኔ ጋር በአማርኛ ይጽፋሉ። ማታ ማታ ሁለቱ በአንድ ደብተር ላይ ይቀመጣሉ። ፊደሉ ይለያያል። ቁጥሩ ግን ለሁለቱም አንድ ነው። 63 በሁለቱም 63 ነው።

ውድ አንባብያን! እናንተም ዕደ ጥበብ ትሠሩ ይሆናል። ቅርጫት ትሠሩ ይሆናል። ምንጣፍ ትሠሩ ይሆናል። ዕቃውን በተራ ጻፉ። የተገዛውንም፣ ከቤት የወጣውንም ጻፉ። የሠራችሁበትን ቀንም ጻፉ። ከዚያ ዋጋ ተምኑ። የማይሸጥ ነገር ካላችሁ ደግሞ ለብቻው አስቀምጡት።

ለሳምንት የሚሆን መልመጃ

አንዲት ሴት 12 ጥንድ ጉትቻ ሠራች። አንዱን ጥንድ በ40 ብር ሸጠች። ለሽቦ 60 ብር፣ ለጨሌ 120 ብር፣ ለመኪና 60 ብር አወጣች። ሥራውን በ4 ቀን ጨረሰች።

1. ጠቅላላ ሽያጯ ስንት ብር ነው?

2. ወጪዋ ስንት ብር ነው?

3. ለአንድ ቀን ድካሟ ስንት ብር አገኘች?

4. ከቤት ያወጣችው፣ ያልጻፈችው ነገር ይኖር ይሆን? ከጎረቤታችሁ ጋር ተነጋገሩበት።